በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በቀጭን ኪስ፦ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ብቻውን ለሚጓዝ ሰው መመሪያ

ስለ ርካሽ ጉዞ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ቪዛ የማያሳስበው ሰው የጻፈው ነው። «ትኬት ቁረጥ፣ ቦርሳህን አንግት፣ ሂድ» ይላል። የእኛ ፓስፖርት እንዲህ አያስኬድም። እኛ ጋ መጀመሪያ ወረቀት ነው፣ ቀጥሎ ገንዘብ፣ ቦርሳ መጨረሻ ላይ። ይህን ያዛባ ሰው ብሩን የሚጨርሰው መንገድ ላይ ሳይሆን እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከኤምባሲ ኤምባሲ ሲመላለስ ነው።

መመሪያው መሀል ከተማ ለሚኖር፣ ደሞዝተኛ ለሆነ ወይም የራሱ ትንሽ ሥራ ላለው፣ ሁለት ሦስት ወር ብቻውን በትንሽ ወጪ መዞር ለሚፈልግ ሰው ነው። ሥራ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው አይደለም። ይህ ልዩነት መንገድ ላይ ትልቅ ትርጉም ስላለው በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የት?

ካርታውን ዘርግታችሁ «የት ደስ ይለኛል?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ያስገባኛል?» በሉ።

ኬንያ ኢትዮጵያውያንን ቪዛ አትጠይቅም። በ2024 (ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የጀመረችው የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድም እኛን አይመለከትም። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አባል አገራት ዜጎች 30 ቀን በነፃ ትሰጣለች። ቤኒንም ለአፍሪካውያን በሯ ክፍት ነው፤ ግን ሩቅ ናት፣ ያለ አውሮፕላን አትታሰብም። ሲሼልስም ቪዛ አትጠይቀንም፤ ዋጋዋ ግን ለቀጭን ኪስ አይሆንም።

በመሀል ያለችው ኡጋንዳ ቪዛ ትጠይቃለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ገንዘብ ያወጣል። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን አንድ ላይ የሚያስገባ የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ አለ፤ ዋጋው 100 ዶላር ነው፣ 90 ቀን ያገለግላል። ለአውሮፓዊ ጥሩ ነው። እኛ ግን ከሦስቱ ሁለቱ ያለ ክፍያ ያስገቡናል። የኡጋንዳን የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ብቻ በኦንላይን ብትወስዱ 50 ዶላር ነው። ቀሪው 50 ዶላር በጥንቃቄ ለሚኖር ሰው ወደ ሁለት ቀን ገደማ ወጪ ይሆናል።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጉዞ የምመክረው መስመር ይህ ነው፦ ከአዲስ አበባ በሞያሌ ወደ ናይሮቢ፣ ሞምባሳን አይቶ መመለስ፣ ከዚያ ካምፓላ፣ ከዚያ ኪጋሊ። ከኪጋሊ በአውሮፕላን ወደ ቤት። ታንዛኒያን ማከል የሚፈልግ ሰው ቪዛ ስለምትጠይቅ ከመነሳቱ ብዙ ቀደም ብሎ ያመልክት።

ወረቀት

ፓስፖርት ከሌላችሁ ወይም ሊያልቅ ከተቃረበ ማመልከቻው በኦንላይን ይጀመራል። ከዚያ በቀጠሮ ጥቁር አንበሳ አካባቢ ወዳለው የኢሚግሬሽን ዋና መሥሪያ ቤት ትሄዳላችሁ። የልደት ሰርተፊኬት፣ የቀበሌ መታወቂያና ፋይዳ አዘጋጁ። «እኔ ላፋጥንልህ» የሚል ሰው መንገድ ላይ ቢያገኛችሁ ሰላም ብላችሁት እለፉ። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ ሦስት ወር ለመዞር ያሰበ ሰው ከመመለሻው ቀን ጀምሮ ይቁጠር።

ሁለት ነገር ላይ ዓይናችሁን አፍጡ። አንደኛው የልደት ቀን ነው። የቀበሌው መታወቂያ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ፓስፖርቱ በፈረንጅ። ሲቀየር በ7 ወይም በ8 ዓመት መለየቱ ብዙ ጊዜ ያምታታል። በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። ሁለተኛው ስም ነው። የኦንላይን ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ ደግሞ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በግምት አትሙሉ። ከፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተመልከቱና ስማችሁ እዚያ እንዴት እንደተከፋፈለ እያያችሁ ሙሉ። ቪዛውም፣ ትኬቱም፣ የሆስቴሉ ቦታም እንደዚያው ይሁን።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው በሉት። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለምትመደብ ብዙ ድንበር ላይ ትጠየቁበታላችሁ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የመነሻችሁ ዋዜማ ላይ አትሩጡ። ከ2016 (በፈረንጅ) ወዲህ ባለው ደንብ አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። የድሮ ካርድ ካላችሁ አትጣሉት።

ከዚህ ሌላ ሦስት ወረቀቶች ያዙ። ከመሥሪያ ቤታችሁ «ሠራተኛችን ነው፣ በዚህ ቀን ይመለሳል» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ (የራሳችሁ ሥራ ካላችሁ የንግድ ፈቃድ ኮፒ)፣ የባንክ ስቴትመንት፣ እና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ማረፊያ የተያዘበት ማረጋገጫ። የሁሉንም ፎቶ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ።

ፈቃድ ለሚጠይቅ ተቀጣሪ፦ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ይህ ብቻውን ሁለት ወር አያስኬድም። ካለፈው የተላለፈ ካላችሁ ደምሩት፣ የቀረውን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቁ። ጥያቄውን ከበጀት መዝጊያ ግርግር በኋላ አቅርቡ፤ አለቃም ሰው ነው።

ሰው የሚረሳው ውክልና ነው። የቤት ኪራይ፣ የኮንዶሚኒየም ክፍያ፣ የባንክ ጉዳይ፣ ድንገት የሚመጣ ፊርማ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ለእህት፣ ለወንድም ወይም ለእናት ውክልና ስጡ። «ሁሉን ነገር» ከሚል ውክልና ይልቅ ጉዳዩን ዘርዝሩ። ለዘመድም ቢሆን።

ገንዘብ

በጀታችሁን በዶላር ሥሩ። ብር ከሐምሌ 2016 (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ በገበያ ነው የሚተመነው፤ ዛሬ በብር ያሰባችሁት ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሊሆን ይችላል።

የእኔ ስሌት ይህ ነው። ለአልጋ ከ10 እስከ 15 ዶላር፣ በጋራ ክፍል ማለቴ ነው። ምግብ የአገሬው ሰው የሚበላበት ከሆነ ከ6 እስከ 8። ትራንስፖርትና ልዩ ልዩ ሲጨመር በቀን ከ25 እስከ 30 ዶላር ያኖራል። ለሁለት ወር በከፍተኛው ግምት 1,800 ገደማ ነው። የኡጋንዳ ቪዛና የመመለሻ ትኬት ለብቻ ይደመሩ። ከዚህ ሌላ ቢያንስ 300 ዶላር «የለም» ብላችሁ አስቀምጡ። ታመምኩ፣ ተሰረቅኩ፣ ቤት ሰው ታመመ ለሚባልበት ቀን ነው።

ለማጠራቀም ዕቁብ ጥሩ ነው፣ ከአንድ ጥንቃቄ ጋር። ዕጣው ቀድሞ ከወጣላችሁ ዕዳ ይዛችሁ ነው የምትወጡት። ቀሪውን መዋጮ የሚከፍልላችሁ ሰው ሳታዘጋጁና ብሩን ሳትሰጡት እንዳትነሱ። ከመነሻችሁ በፊት የሚያልቅ አጭር ዕቁብ ይሻላል።

የውጭ ምንዛሬ ከባንክ ግዙ። ብዙውን ጊዜ ፓስፖርትና ትኬት ይጠየቃል። በየብስ የሚወጣ ሰው የሚያሳየው የአየር ትኬት ላይኖረው ስለሚችል የመመለሻውን ቀድሞ ገዝቶ ይዞ መሄዱ ነገሩን ያቀልለታል። የጥቁር ገበያው መንገድ ሕገ ወጥ ነው፤ ከዚያም በላይ ሐሰተኛ ኖት ናይሮቢ ላይ ቢያዝባችሁ የሚያምናችሁ የለም። ኖቶቹ አዲስና ያልተቀደዱ ይሁኑ። አሮጌ ዶላር በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ መንዛሪዎች አይቀበሉም። ባንኩ ለውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ካወጣላችሁ እዚሁ እያላችሁ ኦንላይን ትንሽ ነገር ከፍላችሁ ሞክሩት። ብር ይዞ መውጣት በሕግ የተገደበ ነው፣ ሞያሌን ካለፋችሁ ደግሞ ብዙም አይጠቅማችሁም።

ጥሬውን በሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ሰውነት ላይ፣ ቦርሳ ውስጥ፣ እና ሌባ በማይገምተው ቦታ። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ ሌባም ያነባል።

ቦርሳ

40 ሊትር ይበቃል። መርካቶ አዲስ የሚመስል ግን ስፌቱ በሳምንት የሚፈታ ሞልቷል። ቦንዳ ውስጥ የሚገኙት ያገለገሉ ቦርሳዎች ብዙ ጊዜ ይበልጣሉ። ዚፑን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ የማንገቻው ስፌት ላይ ሳቡት፣ የወገብ ቀበቶ የሌለውን ተዉት።

ሞልታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አንግታችሁ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ውጡ። ሳታርፉ መድረስ ካልቻላችሁ ተመለሱና አንድ ሦስተኛውን አውጡ። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም፣ ነፃም ነው።

ጋቢ ይከብዳል። ነጠላ ግን ያዙ። አንሶላ ይሆናል፣ ፎጣ ይሆናል፣ አውቶቡስ ውስጥ መጋረጃ ይሆናል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡም አለ። በሶ ያዙ፤ እሳት አይፈልግም፣ ውኃ ብቻ። ትንሽ ሽሮና በርበሬም እንዲሁ፣ ሆስቴሎች ማብሰያ ስላላቸው። ግን በፌስታል እንዳታሽጉ። ኬንያ ከ2017፣ ሩዋንዳ ከ2008 ጀምሮ ፌስታል ከልክለዋል፤ በተለይ ሩዋንዳ ድንበር ላይ ፈትሸው ይወስዳሉ። የጨርቅ ከረጢት ስፉ። ጫት ኬንያ ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ ሩዋንዳና ታንዛኒያ ግን ወንጀል ነው። ኪስ ውስጥ የቀረች ቅጠልም ቢሆን።

ስልክ

ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ግን እዚህ ነው። የባንክ መተግበሪያና ቴሌብር የማረጋገጫ ኮድ የሚልኩት ወደ ኢትዮጵያ ቁጥራችሁ ነው። ሮሚንግ ካልተከፈተ ኮዱ አይደርስም፣ ገንዘባችሁም እያያችሁት አይነካም። ከመውጣታችሁ በፊት ቴሌ ሄዳችሁ ሮሚንግ አስከፍቱ፣ ቁጥሩ እንዳይዘጋ ሒሳብ ሙሉበት። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ቢሆን ይመረጣል። የመስመሩን ካርታዎች ኢንተርኔት ሳያስፈልግ እንዲሠሩ አውርዱ። ቤት ውስጥ ዳታ የሚበላባችሁ ከሆነ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት።

እስከ ሞያሌ፣ ከዚያም ወዲያ

ወደ ደቡብ የሚሄደው መኪና ከቃሊቲ መናኸሪያ ይነሳል። ሞያሌ ከአዲስ አበባ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ቀን ለመጨረስ አትታገሉ። ሐዋሳ እደሩ፣ በማግሥቱ በዲላና በያቤሎ አድርጋችሁ ውረዱ። ማታ አትጓዙ። ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት መንገዱን የተመላለሰ ሹፌር ወይም የአካባቢው ሰው ስለ ሰላሙ ጠይቁ። መልሱ «እህ…» ከሆነ መስመሩን ተዉት፤ በአውሮፕላን ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ጀብድ ለመቁጠር ብሎ መንገድ የሚገባ ሰው አልወድም።

ሞያሌ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። በኢትዮጵያ በኩል እደሩና ጠዋት ተሻገሩ። በ2020 መጨረሻ የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ የሁለቱንም አገር ሥራ አንድ ላይ ይሠራል። የመውጫ ማህተም፣ የቢጫ ካርድ፣ የመግቢያ ማህተም። ከመስኮቱ ሳትርቁ የተጻፈላችሁን ቀን አንብቡ። የምትቆዩት በሰማችሁት ሳይሆን እዚያ በተጻፈው ልክ ነው።

አሁን መጀመሪያ ላይ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ነገር፣ ለጉብኝትና ለሥራ በሚወጣ ሰው መካከል ወዳለው ልዩነት። ይህ መስመር ወጣቶቻችን በደላላ ተይዘው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙበት መስመርም ነው። በማርች 2020 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በአንድ ኮንቴይነር 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ ባለው መንገድ ላይ ፖሊስ አውቶቡሱን ደጋግሞ ያስቆማል፣ መጀመሪያ የሚያየውም እናንተን ነው። ቦርሳ ያንገተ ፈረንጅ ቱሪስት ይባላል። ቦርሳ ያንገተ ሐበሻ መጀመሪያ የሚገመተው ሌላ ነው። ያበሳጫል፣ ግን አትበሳጩ። ፓስፖርቱን ማህተሙ ያለበትን ገጽ ከፍታችሁ ስጡ፣ የሆስቴሉን ማረጋገጫና የመመለሻ ትኬት አሳዩ፣ በአጭሩ መልሱ። ማህተም ያለው ሰው የሚፈራው ነገር የለም። «ማህተም ሳያስፈልግ በዚህ በኩል ላሳልፍህ» የሚላችሁን ሰው ግን በሞያሌም ሆነ በሌላ ድንበር አትከተሉት፣ ወረፋው ምንም ያህል ቢረዝም። ከሌላ ተሳፋሪ ዕቃም አትያዙ። «እናቴ ናት የላከችው» ቢላችሁም።

ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የኬንያ መንገድ አስፋልት ነው። አውቶቡሶቹ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ያልፋሉ። ጊዜ ያለው ማርሳቢት ይውረድ፤ በረሃ መሀል የበቀለ ደናማ ተራራ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል።

ናይሮቢና ሞምባሳ

የመጀመሪያው ሌሊት ማረፊያ ቀድሞ የተያዘ ይሁን፣ በብርሃን ድረሱ። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚያው ሆናችሁ ትወስናላችሁ። ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ርካሽ ነው፣ እንጀራም አለ፣ አማርኛና ኦሮምኛም ይሰማል። ሲናፍቃችሁ ሂዱና ብሉ። ማረፊያውን ግን ተጓዦች በሚያድሩበት ሆስቴል አድርጉት። ስለ ካምፓላ መንገድ፣ ስለ ዋጋ፣ አብሮ ታክሲ ስለሚጋራ ሰው የሚወራው እዚያ ነው።

በፓስፖርት ሲም አውጡና ኤምፔሳ ክፈቱ። ማታቱም (የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ቆሎም የሚከፈለው በእሱ ነው። መሀል ከተማ ስልክ ይዞ እየተራመዱ ካርታ ማየት ለነጣቂ መጥራት ነው፤ ሱቅ ገብታችሁ እዩ። ሰዓት ላይ ደግሞ እኛ ዕድለኞች ነን። በስዋሂሊ የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ሰው በቃሉ ሲነግራችሁ ይገባችኋል። ትኬት ላይ የታተመው ግን የፈረንጅ ነው።

ወደ ሞምባሳ ባቡር ውሰዱ። በ2017 የጀመረው ነው፣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ተራው ወንበር በ2024 1,500 ሽልንግ ሆኗል። በመንገድ ላይ ጻቮን ያቋርጣል፤ በመስኮት ዝሆን የማየት ዕድል አለ። ትኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀናት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ጣቢያው ከመሀል ከተማ ውጭ መሆኑንም አስቡ።

አንድ የጤና ነገር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ወባ አናውቅም። ሞምባሳና ካምፓላ ግን አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መከላከያ ክኒን ሐኪም አማክሩ፣ አጎበር ስር ተኙ። ትኩሳት ከመጣ «ድካም ነው» አትበሉ፣ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ከተመለሳችሁ በኋላም ቢሆን የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ወጪ የሚቀንሰው ረሃብ አይደለም፣ ዝግታ ነው። በየሁለት ቀኑ ከተማ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ለአውቶቡስ ይሰጣል። አንድ ቦታ ሳምንት ስትቆዩ አልጋውም ይቀነስላችኋል፣ ገበያውንም ታውቁታላችሁ። ጾመኛ የሆነ ሰው ደግሞ ተጠቃሚ ነው፦ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ)፣ ባቄላና ሱኩማ ዊኪ (ጎመን) ከርካሾቹ ምግቦች ተርታ ናቸው፣ በየጉልቱ አሉ። በአልጋ ምትክ ሆስቴል ውስጥ ለማገልገል የሚስማሙም አሉ። በቱሪስትነት የገባ ሰው ሲሠራ እንደ ሥራ ሊቆጠርበት ስለሚችል የአገሩን ሕግ ሳታጣሩ አትግቡበት።

ብቻ ስትሆኑ

ለአንድ ሰው ሙሉውን መስመር ስጡ፣ በየሁለት ቀኑ በአንድ ሰዓት መልእክት ላኩ። ሁለት ጊዜ ሳትልኩ ካለፋችሁ ምን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለእናት በየሰዓቱ ከመጻፍ ይህ ይሻላል፤ እሷም መጨነቋን በቀጠሮ ታደርገዋለች።

ሴት ተጓዦች የሴቶች ብቻ የጋራ ክፍል ያላቸውን ሆስቴሎች ይምረጡ፣ አውቶቡስ ላይ ከሴት አጠገብ ወይም ከሹፌሩ ጀርባ ይቀመጡ። ቦሌም ሆነ ሞያሌ ላይ ብቻዋን የምትወጣ ወጣት ጥያቄ ይበዛባታል፤ ብዙ እህቶች በሐሰት ተስፋ ስለተወሰዱ ነው። ደብዳቤውና የመመለሻ ትኬቱ እጅ ላይ ከሆኑ ቶሎ ያልቃል። መንገድ ላይ «ዱባይ ጥሩ ሥራ አለ» የሚል ወዳጅ ካገኛችሁ ወዳጅነቱ እዚያው ይብቃ።

ካምፓላ፣ ኪጋሊ፣ ቀጣዩ

ከናይሮቢ ካምፓላ አውቶቡስ አለ፣ ሌሊቱን የሚያድርም አለ። እኔ የቀኑን እመርጣለሁ፤ የሪፍት ሸለቆውን ቁልቁል ሳያዩ ማለፍ ያሳዝናል። ካምፓላ ውስጥ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ስትይዙ ሄልሜት ጠይቁ። ኪጋሊ ስትደርሱ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ከሆነ ጠዋቱ የኡሙጋንዳ የጋራ ሥራ ነው፤ ከተማው ፀጥ ይላል፣ ሱቅም ይዘጋል። ለዚያ ጠዋት ጉዞ አትያዙ።

ከዚህ ጉዞ በኋላ የሚቀጥለውን ስታስቡ ቬትናምን ተመልከቱ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚያቆይ ኢ-ቪዛ ትሰጣለች፤ የአንድ ጊዜ መግቢያው 25 ዶላር ነው። ትልቁ ወጪ የአየር ትኬቱ ነው፣ ከገባችሁ በኋላ ግን ኑሮው ከናይሮቢ አይከብድም። ሸንገን (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) የሚያምራችሁ ከሆነ የማመልከቻው ክፍያ ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከልም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላል። በቀጠሮው ቀን አሮጌውንም ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ፤ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የሩዋንዳ መግቢያና መውጫ ማህተሞች ያሉት እዚያ ላይ ከሆነ፣ በጊዜያችሁ ገብታችሁ በጊዜያችሁ እንደወጣችሁ የሚያሳየው እሱ ነው።